የማንጎ ጭማቂ

ባለሱቁ ራሱ የሸጣትን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በሶፍት ይዞ ሲፈታታት ሊያስመልሰው ደረሰ። የምትሳብበት ጫፍ በለሃጭ ተለውሷል፤ ተቆርጥሟልም።

«ጭሷ አነሰ ትላለህ እንዴ! ለሃጭህ እኮ ነው የደፈናት» አለው ደንበኛውን፣ ፊቱን አዙሮ እየጠረጋት። «ስበህ ስበህ አሳርፋት። ጥጧ ፈሳሹን በደንብ ሲጠጣ ጭሷ ይንቦለቦላል።»

«እሺ ጌታው።»

«ደግሞ እንደ ውሻ አትቆርጥማት! ትልቅ ሰው አይደለህ? ኤጭ!»

ሰውየው ሳቀ። «እኔ መች ቆረጠምኳት? ማሙሽ ነው። ጥርስ እያበቀለ ስለሆነ፣ ድዱን ሲበላው እሷን ካልሰጠሁት አያስተኛንም።»

የባለሱቁ እጅ ባለበት ቀረ። «ለሕፃን?»

«ምነው?» አለ ሰውየው፣ ሊቀበለው እጁን ዘርግቶ። «ስትሸጥልኝ ‹ሲጋራ እኮ አይደለችም፤ የማንጎ ጭማቂ ናት› ብለኸኝ የለ?»