ማዳመጫው የሚወስደው ድምፅ

ተሳፋሪ ሁሉ እየተጠራ፣ ስንዱ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው የጆሮ ማዳመጫ ሱቅ ንቅንቅ አላለችም። ራሷን የሚፈልጣትን የአውሮፕላን ጩኸት ጸጥ የሚያሰኝ ማዳመጫ ሁሉ፣ በምትኩ አንድ የቤት ድምፅ ከጆሮ ላይ ለዘላለም ይወስዳል። አሮጌው ማዳመጫዋ የዝናብን ድምፅ ወስዶባት፣ ይኸው ያሰጣችው ልብስ ክረምቱን ሙሉ ሲበሰብስ ከረመ።

"ማንኮራፋቴን ስጪውና እንሂድ!" አለ ባሏ ተካልኝ እየሳቀ። "ስታማርሪበት አይደል የኖርሽው?"

ማማረሩንስ አማርራለች። ማዳመጫውን አነሳችው፣ አስቀመጠችው፣ ደግሞ አነሳችው። ተካልኝ ልቡን ከታመመ ወዲህ፣ ከእንቅልፏ ስትባንን በሕይወት መኖሩን የምታውቀው በዚያው በማንኮራፋቱ ነው።

"እትዬ፣ የትኛውን ድምፅ ይሰጣሉ?" አለች ሻጯ።

"ጥጥ የለሽም? በጆሮዬ የምወትፈው።"

"ራስ ምታትሽስ?" አለ ተካልኝ።

"ይፍለጠኝ!" አለችና ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቀደመችው።