ተመራቂውና የመንደሩ ፓምፕ

ይህን ስነግራችሁ አታምኑኝም። ውሸት ከሆነ ምላሴ እዚሁ ይድረቅ! ለነገሩ ያኔም ደርቆ ነበር፤ ውሃ ጠፍቶ።

የመንደሩ ፓምፕ ተሰብሮ ቀረ። መጀመሪያ እንስቅ ነበር። ፊታችንን በፈረቃ ነበር የምንታጠበው፤ ዛሬ ግራ ጉንጭ፣ ነገ ቀኝ ጉንጭ። እንቁራሪቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተሰደዱ። ከዚያ ጥጆቹ ሞቱ፤ ሣቁም አብሮ ሞተ። ሰው ቤቱን እየቆለፈ መሄድ ጀመረ። የአናጢው ሚስት ከሩቁ ወንዝ ጄሪካን ስታመላልስ ወገቧ ከመጉበጡ የተነሣ፣ ሰውን የምታውቀው በጫማው ነበር።

ፓምፑን የሚያስጠግነው ከተማ ያለው የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ኃላፊው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ተራችሁ አልደረሰም።" ከእኛ በኋላ የተሰበረባቸው ሁሉ ተጠግኖላቸው ይጠጣሉ።

ሰው ያልላክን እንዳይመስላችሁ። አንጥረኛው ሄደና ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ገፍትረው አስወጡት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሄደና ኃላፊውን ያገኘ መስሎት ጉዳዩን ከዘበኛው ጋር ጨርሶ መጣ። የአናጢው ወንድም ደግሞ በሩ ድረስ ደርሶ እፍረት ያዘውና ተመለሰ።

"ይኼ ነገር የተማረ ሰው ይፈልጋል" አለ አናጢው። "እኛ አናውቅበትም።"

አናጢው ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነበረው። ሐኪም ሆኖ ይመጣል ስንል የልማት ኢኮኖሚክስ ደረሰው። ይህንኑ ሊነግረን ደወለ፤ አባትየው የስልኩን ድምፅ ለሁላችን ከፈተው።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ስለ ድህነት ነው የምንማረው፣ አባባ።"

"ድህነትንማ እዚሁ በነፃ እናስተምርህ አልነበር!" አለ አንጥረኛው። "መምህሩ እንደሆነ ሞልቷል!"

እናትየው አለቀሰች። "ና ተመለስ ልጄ። መጥተህ ጄሪካን ብታግዘኝ ይሻላል።"

"እማዬ ቆይ እንጂ። ስለ ሙስናም እንማራለን። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው።"

ሁላችንም ወደ ስልኩ ተጠጋን። ዝንቧ እንኳ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አናጢው ስልኩን በሁለት እጁ ጨበጠው።

"እስቲ ድገመው።"

"ስለ ሙስና። ከየት እንደሚነሣ፣ በማን በኩል እንደሚያልፍ፣ ለምን እንደማይያዝ…"

"ከዚያ ክፍል ንቅንቅ እንዳትል!" ብሎ ጮኸ አናጢው።

በሬውን ሸጠ። ቀጥሎ መጋዙን ሸጠ። መጋዝ የሌለው አናጢ ምን ይሆናል? ጣውላ በጥርሱ ሲቆርጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! እኛም ከሌለን ላይ አዋጣን። እራታችንን አዋጣን፣ ብርድ ልብሳችንን አዋጣን። ቤቱን ቆልፎ የተሰደደው ሁሉ ካለበት ሆኖ "ልጁ እንዴት ነው?" ይላል። ጤናውን አይደለም፣ ትምህርቱን ነው።

ልጁ በደወለ ቁጥር አባትየው ይመረምረዋል።

"ተግባርም አለው ወይስ ወረቀት ብቻ ነው?"

"መሥሪያ ቤት እየዞርን ሠራተኞችን እንጠይቃለን።"

"ይነግሯችኋል?"

"አብዛኞቹ ይሸሹናል።"

"ይሸሻሉ እንጂ! አንተ ግን እንዳትለቃቸው። መምህራችሁስ?"

"በዚህ ጉዳይ ዓለም ያወቀው ሰው ነው።"

"ጎሽ! ከሥሩ እንዳትጠፋ።"

ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ። ሲመጣ መንደሩ ውስጥ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው። ሻንጣውን እንኳ እንዲያስቀምጥ አልፈቀድንለትም። እንደ ሙሽራ ከብበን፣ በዚያው እግሩ ወደ ከተማ ይዘነው ሄድን።

እናትየው ወገቧን ይዛ ተከተለች። "ዛሬ ካልሆነ ነገ እኔም ቤቴን እቆልፋለሁ" አለች በመንገድ ላይ። "ከእንግዲህ አልችልም። ሜዳ ላይ ወድቄ ከምቀር የሰው ደጅ ልሂድ።"

የኃላፊው ጠረጴዛ ከመስፋቱ የተነሣ፣ ሰውየው ማዶ ያለ አገር ይመስላል። ተደርድረን ግድግዳው ሥር ቆምን። አናጢው ልጁን ወደ ፊት ገፋ አደረገውና "በል፣ የተማርከውን አሳየን" አለው።

ልጁ አሳየን። አንቀጽ ጠቀሰ። ጥናት ጠቀሰ። የኃላፊውን አፍንጫ ሊነካው እስኪደርስ ጣቱን ቀሰረ። "ተጠያቂ የማይሆን ሹም ድሃውን ያደኸያል!" ሲል መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አናጢው ከኋላ ኮቱን ጎተት አደረገው። ልጁ "በርታ" ያለው መስሎት ባሰበት።

ኃላፊው ላቡን ጠረገ። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ጎበዝ ልጅ ነህ። ለምን ወጣ ብለን፣ ሁለታችን ብቻ፣ ሻይ እየጠጣን አንጨርሰውም?"

"ሻይ ፍለጋ አልመጣንም!" አለ ልጁ። "እኛ የጠማን ውሃ ነው!"

እንዲህ ያለ ንግግር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ከእኛ ወገን ግን ያጨበጨበ የለም።

ኃላፊው ፋይላችንን አጠፈና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቆለፈበት። "እንግዲያው ተራችሁ አልደረሰም" አለና ኮፍያውን አነሣ።

አናጢው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ልጁ ፊቱ እያበራ ወደ እኛ ዞረ።

"አያችሁት አይደል? እንዴት እንደደነገጠ!"

እናትየው ደረቷን ደቃች፤ ጩኸቷ ኃላፊውን ከነኮፍያው በሩ ላይ አቆመው።

"ወይኔ ልጄን! ይህን ሁሉ ዓመት ሙስና አስተምረንህ፣ አንዲት ጉቦ መስጠት ያቅትህ?"