ሽማግሌ የገባበት ግጥሚያ

ሙስአብ ሰባት ጊዜ ተጋጥሞ ሰባት ጊዜ ተሸንፏል። ጉድ እኮ ነው፤ ሰው እንኳን በድብድብ በዕጣም ቢሆን ሰባት ጊዜ ተከታትሎ አይሸነፍም። ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ደርሷል። ሶማሌ ተራ ልባሽ ጨርቅ ይሸጣል። የጨርቅ ቦንዳ ሲያነሳ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ከምሳ በኋላ ጨርቁ ላይ ጋደም ብሎ ያንቀላፋል።

ድብድቡ ቦክሱም ትግሉም እርግጫውም የተደባለቀበት፣ በሽቦ አጥር ውስጥ የሚካሄድ፣ ኤምኤምኤ የሚሉት ነው። ሚስቱ ሰዓደት «ተው» ስትለው ምላሷ ደክሟል። እሱ ግን በልጁ በኢክራ ምሏል፤ አንድ ጊዜ ሳያሸንፍ አያቆምም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በቃው። ሰባቴ ክሊኒክ በር ላይ ቆማ የጠበቀችው ሰዓደትም ያቺን አንድ ቀን ከእሱ እኩል ትናፍቃለች።

ስምንተኛው ግጥሚያ ለእሁድ አመሻሽ ተቆረጠ። ተጋጣሚው ሃብታሙ ነው፤ አውቶቡስ ተራ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ እሱም ዕድሜው የገፋ፣ እሱም አሸንፎ የማያውቅ። አዘጋጆቹ ሁለቱን ያገናኟቸው ለማሟሟቂያ ነው፤ ተመልካቹ ወንበር እስኪይዝ ድረስ። ሙስአብ ግን ደስ አለው። ይሄን ካላሸነፈ ማንን ሊያሸንፍ ነው?

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ወልደ ሚካኤል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሱቁ ድረስ መጡ። በዚያ ሰፈር የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ የተካሰሰ ጎረቤት፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ነው የሚታረቀው። ሙስአብ ወንበር አቀረበላቸው።

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ምንም አላጠፋህም። የሃብታሙ ሚስት አበራሽ ልካን ነው። ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ሳላሸንፍ አልተውም ብሎ ምሏል። ተሸነፍለት ልጄ። ቤቱ ይግባ።»

ሙስአብ «እኔስ?» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሽማግሌ ቆሞ እየለመነ ስለራስ ማውራት ነውር ነው። የጋሼ ወልደ ሚካኤል እግር ሲንቀጠቀጥ ያያል። እምቢ ቢል እስከ ማታ ሊቆሙ ነው።

«እሺ» አለ።

ተቀመጡ፣ መረቁት፣ ሄዱ። እሱም ሱቁን ከሰዓቱ ቀድሞ ዘጋ። ለሰዓደት አልነገራትም። ምን ብሎ ይነግራታል?

ዓርብ ሰዓደት አምሽታ ገባች። ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነው አለችው። ቅዳሜ የቡላ ገንፎ ሠራችለት፣ ጉልበቱን በቅባት አሸችለት።

«ነገ ታሸንፋለህ» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ልቤ።»

በሰባቱም ጊዜ እንዲህ ብላው አታውቅም። እሁድ ደግሞ ሻሿን አስራ «እኔም እመጣለሁ» ብላ ብድግ አለች። ሲደባደብ አይታው አታውቅም እኮ። ካልጠፋ ቀን!

አዳራሹ ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ሰዓደት ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከጀርባዋ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት መሬት ያያሉ። ቃሌን መጠበቄን ሊያረጋግጡ መጥተዋል አለ ሙስአብ በሆዱ፣ እና ቅር አለው።

በመጀመሪያው ዙር እጁን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ሰጠ። ሃብታሙ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ነካ አደረገውና ወደ ኋላ ሸሸ። ደግሞ ፊቱን ሰጠው። ደግሞ ነካ አድርጎት ሸሸ።

«ለእስክስታ ነው እንዴ የጠራችሁን?» አለ አንዱ ከኋላ።

ሙስአብን ንዴት ያዘው። ይሄ ሰው ነገሩን ያውቃል፤ እንደምሸነፍለት ያውቃል፣ ሚስቴ ፊት እየተጫወተብኝ ነው። ማሸነፉን ያሸንፍ፣ መቀለዱ ምንድን ነው?

በሁለተኛው ዙር ሃብታሙ ማንም ሳይገፋው በጀርባው ተዘረረ። እዚያው ተጋድሞ በእጁ ና፣ ና ይለዋል። ሰዉ ሳቀ። ሰዓደት ግን አልሳቀችም። መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ሙስአብን ብቻ ታያለች።

ሦስተኛው ዙር የመጨረሻው ነው። የሙስአብ ትከሻ ዝሏል፣ ትንፋሹ አልመለስ ብሎታል። አንድ ቡጢ፣ አንድ ደህና ቡጢ ቢያሳርፍበት ይሄ ሁሉ ዛሬ ያበቃል። ኢክራ ከእንግዲህ አባቷን በፋሻ ተጠቅልሎ አታየውም፣ ሰዓደትም ትተኛለች። እጁን ጨበጠ። ከዚያ ዓይኑ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ላይ አረፈ።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው። የጨበጠውን ፈታ።

ዳኛው እንዳይሰማ ሃብታሙን አንገቱን አቅፎ ከአጥሩ ጋር አጣበቀውና ጆሮው ስር ተናገረው።

«ምን ትቀልድብኛለህ? ምታኝና ጨርሰኝ። ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

ሃብታሙ እያለከለከ ቀና ብሎ አየው።

«የምትቀልደውስ አንተ ነህ፤ ሰዓደት ዓርብ ዕለት ጋሼ ወልደ ሚካኤልን ልካብኝ፣ እሺ ካላልከን አንቀመጥም ብለው እንድሸነፍልህ ቃል አስገብተውኝ የለም እንዴ?»