ደህና ናት

«ታዲያ ምን ልበል? ሐኪሙ ‹ልጅሽ እንዴት ናት?› አለኝ፤ ‹ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን› አልኩት። ሰላምታ በሌላ በምን ይመለሳል?»

«እሱ መች ሰላምታ መሰለው? ጽፎት ቁጭ!» አለ ባሏ፣ ከፈተና ቢሮው የመጣውን ደብዳቤ ባዕድ አገር፣ ሁርሊንግሃም በተባለው ሰፈር ባለው ምግብ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ እየመታ። ሐኪሙ «እናቷ እንዳለችው ዓይኗ ተሽሏታል» ብሎ በመጻፉ፣ ቢሮው ልጅቷን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በትልልቅ ፊደል የታተመ ወረቀትና ተጨማሪ ሰዓት ከልክሏታል። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካልታረመ የዘንድሮው ፈተና ያልፋታል። ልጅቷ ጥግ ይዛ፣ አጉሊ መነጽሯን እንደያዘች መጽሐፏ ላይ ተደፍታለች።

እናቷ ጥሩወርቅ ለሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙ ገና «ልጅሽስ?» ሲላት ምላሷ ወደ ልማዱ ሄደ፤ ነከሰችው። የሚያስፈልጋት ቃል አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጇ ፊት ተናግራው የማታውቀው ነበር።

«አታይም» አለች በስዋሂሊ።

መስመሩ ተንጫጫ፤ አልሰማትም።

«አታይም! የእኔን የእናቷን ፊት እንኳ ከዚያ ሆና አትለየውም!» ስትጮህ ተመጋቢዎቹ ዞሩ።

«አሁኑኑ በፋክስ እልካለሁ» አለ ሐኪሙ። «ስሟን አስጽፊኝ።»

ልጅቷ አጉሊ መነጽሯን መጽሐፉ ላይ ትታ፣ ግድግዳውን በጣቶቿ እየዳሰሰች ወጣች። ጥሩወርቅ በዓይኗ እየሸኘቻት፣ ስሟን ፊደል በፊደል አስጻፈች።