ነጭ የተቀባችው ኮሮላ

ሚስባህ ከኋላ መስታወቱ ላይ የመጨረሻውን ጋዜጣ ልጦ ጣለ። «በሉ እትዬ አሰገደች፣ ዞር ዞር ብለው ይዩዋት።»

አሰገደች ኮሮላዋን ዞራ አየቻት። በክረምት ውኃ እያስገባ ምንጣፉን ሲያበሰብስ የኖረው የበሩ ቀዳዳ ተደፍኗል። ጭረቱ፣ ዝገቱ፣ የተላላጠው ጣሪያ፣ አንዱም የለም። ከተገዛች ጀምሮ ሰማያዊ የነበረችው መኪና ገርጂ ባለው በዚህ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነጭ ሆና ቆማለች።

«አዲስ መሰለች» አለች።

«ቀለሙ ጥሩ ነው። ለአንድ ሆቴል ሚኒባሶች መጥቶ የተረፈ ነው እንጂ እኛ የምንደፍረው አልነበረም። ሰማያዊውን ባስቀይጠው ግን...»

«ተነጋግረናል እኮ ሚስባህ። ቀለም ያው ቀለም ነው።»

ከልቧ ነበር ያለችው። የባሏ የገሰሰ ጡረታ ከመድኃኒት አያልፍም። ሚስባህ «በተረፈው ነጭ ከሆነ የእጄን ብቻ ይሰጡኛል» ሲላት ፈጣሪዋን አመስግና ተስማማች። እንዲህ ባለው ነገር የምታማክረው እሱን ነበር፤ ገሰሰ አሁን የሚማከር ሰው አይደለም።

እሱ ጋራዡ በር ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን አድርጓል። የመርሳት ሕመሙ ሲጀምረው መጀመሪያ ከሲኤምሲ ቦሌ የሚያደርሰው መንገድ ጠፋበት። ቀጥሎ የጎረቤቶቹ ስም። ከዚያ የገዛ ልጁ ማኅደር «ይቺ ደግ ልጅ» ሆነችበት። አሰገደችም አንዳንድ ማለዳ ትጠፋበታለች፤ ምን ፈልጋ ቤቱ እንደገባች ግራ ገብቶት ያያታል። ያን ጊዜ ክንዱን ይዛ ግቢ ወደቆመችው ኮሮላ ትወስደዋለች። መንዳት ያስተማራት በዚችው መኪና ነው፣ ሲኤምሲ ገና ሜዳ ሳለ። ገብቶ ከጎኗ ሲቀመጥ፣ እሷም መሪውን ስትይዝ፣ ፊቱ ይፈታል። «አሰግዬ» ይላታል፣ «ቀስ ብለሽ ንጂ።»

መኪናዋ ጋራዥ ከገባች ወዲህ ግን ስሟን አልጠራም። ይህን ቀን በጉጉት የጠበቀችው ለዚህ ነው።

«ገሰሰ፣ ተነሥ። መኪናችን ደረሰችልን።»

ደስ ብሎት ተነሣ። እጇን እንደያዘ ነጯን መኪና አለፋትና የጋራዡን ጥግ በዓይኑ ፈለገ። «የታለች?»

«ይቺው ናት።»

«ይቺማ ነጭ ናት» አለ፣ የተሳሳተ ልጅ እንደሚያርም ሰው በለዘብታ። «የኔ ሰማያዊ ናት።»

«ግባና እየው እስቲ። ወንበሩ ያው ነው፣ ልባሱን አንተ ነህ ያሰፋኸው።»

ታዘዛትና ገባ። እሷም ዞራ መሪው ጋ ተቀመጠች፤ ሞተሩን አስነሣች። እንደ ልማዱ ሳል ሳል ብሎ ያዘ። ገሰሰ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። አሰገደች መሪውን ጨብጣ ጠበቀች። አንድ ቃል ነው የምትፈልገው።

«የሰው መኪና ነው» አለና በሩን ከፍቶ ወረደ። «ባለቤቱ ቢመጣ ምን ይለናል?»

ዕድሜውን ሙሉ ኤርፖርት የጭነት መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ፣ የሰው ዕቃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። እሷ እስከ ዛሬ ወደ ራሱ የሚመልሰው የወንበሩ ምቾት ይመስላት ነበር፣ ወይም የሞተሩ ድምፅ፣ ወይም የቤንዚኑ ሽታ። ቀለሙ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

ሚስባህ ጨርቁን ጥሎ መጣ። «ጋሼ፣ ያቺው ናት እኮ። ይኸው ይመልከቱ።» ኮፈኑን ከፈተው። ወጪ እንዳይበዛ ውስጡን አልቀባውም ነበር፤ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራ እንደ ጥንቱ ሰማያዊ ነው።

ገሰሰ ጎንበስ አለ። መዳፉን ሰማያዊው ላይ አሳረፈ፤ ቅባትና አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ፊቱ በራ። አሰገደች ከመኪናው ወርዳ እየሮጠች አጠገቡ ደረሰች።

«እንደዚህ ነው ቀለሟ» አላቸው። «ልክ እንደዚህ። ካያችኋት ንገሩኝ።»

ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ አግዳሚው ተመለሰ።

ሚስባህ ኮፈኑን ሳይዘጋ በእጁ እንደደገፈው ቆሞ ቀረ። «እትዬ፣ ሰማያዊውን አስቀይጬ መልሼ ልቅባት። የእጄን ይተዉት።»

ፀሐይና ዝናብ ስንት ዓመት ያደበዘዙትን ያን ሰማያዊ የሚቀይጥ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ወደ በሩ ሄዳ ገሰሰ ፊት ቆመች።

«ገሰሰ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል። በታክሲም ቢሆን ወደ ቤት እንሂድ።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ለማያውቃት ወይዘሮ እንደሚያደርገው ባርኔጣውን አወለቀላት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እሜቴ፣ እኔ ከዚህ መነሣት አልችልም። ባለቤቴ በሰማያዊ መኪና ትመጣለች። ካጣችኝ ትደነግጣለች።»

ተጣልተው ባልተነጋገሩበት ሰሞን እንኳ አንቱ ብሏት አያውቅም።

አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ አለፈ። ገሰሰ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

«እርስዎም ሰው ይጠብቃሉ?»

«አዎ» አለች።

«አይዞዎት፣ ይመጣሉ።»

የአግዳሚውን አቧራ በባርኔጣው ጠረገላትና ራሱ ወደ ፀሐዩ ተጠግቶ ጥላውን ለቀቀላት። አሰገደች ከጎኑ ተቀመጠች። ሁለቱም መንገዱን ማየት ጀመሩ።