የኤልዳና በግ

የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አሁን በግ ያስራል። ክሊኒኩ የልጄን የኤልዳናን በሽታ በመርፌ በጉ ላይ ይወጋል፤ በጉም መድኃኒቱን በደሙ ያበጅላታል። የተወጋበት ቦታ ይመግላል፤ ግማቱ ትራሳችን ድረስ ገብቷል።

የፋሲካ ጠዋት ጎረቤት ደርሼ ስመለስ፣ ከገጠር የመጡት አማቼ እጃቸው በደም ተነክሮ ጠበቁኝ።

«ባልሽ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ እኔው አረድኩላችሁ፤ ዱለቱም ደርሷል» አሉና ጉርሻ ዘረጉልኝ። ጉርሻው ያንኑ ግማት ይሸታል።

«አባባ፣ የኤልዳና መድኃኒት እኮ ነው!»

ክሊኒክ ደወልኩ።

«ሌላ በግ ለማድረስ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ልጅሽ ያን ያህል አትቆይም» አለች ነርሷ። «ደሙን ቢቆሽሽም አምጪው፤ እናጣራዋለን።»

ጓሮ፣ በጉ በታረደበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ደሙ ላይ ፈርስ ተደፍቶበታል፤ ዝንብ ወሮታል። ተንበርክኬ በኤልዳና የወተት ኩባያ መጭለፍ ጀመርኩ።