ሰማያዊ ውሃ

መታሰቢያ ከዓሣው ገንዳ የቀዳችውን ጨዋማ ውሃ በትንሿ ብልቃጥ ይዛ የመመርመሪያውን መድኃኒት ጠብ ጠብ አደረገችበት። ካለፈው ሳምንት የባሰ ሰማያዊ ሆነ፤ በገንዳው ድንጋይ ላይ የሚያድጉትን ኮራሎች የሚገድለው ፎስፌት ጨምሯል ማለት ነው። በዚህ ዓረብ አገር ያለ ፈቃዱ መውጣት የማትችለው አሠሪዋ፣ ካፊሏ፣ ብልቃጡን ከቀለም ወረቀቱ ጋር አስተያየና ራሱን ነቀነቀ። "ማፊ ኹሩጅ፣ መውጫ የለም። ኮራሎቹ እየሞቱ ነው፤ ይህን ገንዳ ደግሞ ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ውሃው ሲስተካከል ትሄጃለሽ።" አገር ቤት ያለችው ልጇ የምትዳረው ከፋሲካ በኋላ ነበር።

ውሃውን የሚያበላሸው የምግብ ትርፍ ነው። እሷ ግን በሁለት ቀን አንዴ ብቻ ነበር የምትመግባቸው፤ በዐቢይ ጾም እንኳ እሷ ከነሱ የተሻለ ትበላ ነበር። ያኔ ዓሣዎቹን አየቻቸው። አጠገባቸው ቆማ ሳለ ሁሉም ትተዋት፣ የካፊሉ እናት በተሽከርካሪ ወንበር ወደተቀመጡበት ጥግ ግር ብለው ሄዱ። የአሮጊቷ እጅ ተጨብጧል፤ በጣቶቻቸው መሃል የምሳው ሩዝ ይታያል። "አንቺ ከሄድሽ በማን እጅ እቀራለሁ?" ይሏት ነበር ገላቸውን ባጠበቻቸው ቁጥር።

"ማን ነው በድብቅ የሚያበላቸው?" አለ ካፊሉ፣ ገንዳው ውስጥ የቀረውን ፍርፋሪ እያየ።

"እኔ ነኝ ባባ" አለች መታሰቢያ። "አሳዘኑኝ።"

ካፊሉ ብልቃጡን አስቀመጠ። "እንግዲያው አንቺን ማቆየት ምን ይጠቅመኛል? ኸላስ፣ በቃ ሂጂ።"

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ሩዙን ለልጃቸው አሳዩ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቷቸው በስልክ ትኬት ይጠይቅ ነበር።